ውኃው የት እንዳለ ሶፍትዌሩ አይነግረንም፦ ስለ ተዳፋት መረጋጋትና ስለ ስርገት ትንተና ሥልጠና የቀረበ ምላሽ

ሰሞኑን በሲቪል መሐንዲሶችና በጂኦሎጂ ባለሙያዎች ዘንድ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ለባለሙያዎች የሚሰጠው የተዳፋት መረጋጋትና የውኃ ስርገት ትንተና ሥልጠና ጊዜው አልፎበታል፤ ሊያጥርና ሊቀል ይገባዋል ይላል። ብዙ የሥራ ባልደረቦቼም «እውነታቸውን ነው» እያሉ ለሌላው አጋርተውታል። እኔ በመንገድ ዳር ተዳፋቶችና በትናንሽ የአፈር ግድቦች ላይ ስሠራ ኖሬ፣ አሁን ደግሞ ወጣት መሐንዲሶችን በማሠልጠን ላይ ያለሁ ሰው ነኝ። ጽሑፉ በዋናው ጉዳይ ላይ ተሳስቷል ብዬ አምናለሁ። ስሕተቱ በወረቀት ላይ የሚቀር ቢሆን ኖሮ ዝም ባልኩ ነበር፤ ነገር ግን የሚያርፈው በተዳፋት ሥርና በግድብ ግርጌ በሚኖሩ ሰዎች ላይ ስለሆነ መልስ መስጠት ግዴታዬ ሆኖ ተሰምቶኛል።

አስቀድሜ ጸሐፊው ያሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። የመጀመሪያው ነጥባቸው፣ ተዳፋትን በቁራጮች ከፋፍሎ በእጅ ማስላትም ሆነ ውኃ በአፈር ውስጥ የሚሄድበትን መንገድና ግፊቱን የሚያሳየውን የፍሰት መረብ በእርሳስ መሣል፣ መሬቱን በብዙ ትናንሽ ክፍሎች ከፍሎ በሚያሰላው በፋይናይት ኤለመንት ሶፍትዌር የተተካ አሮጌ ጥበብ ስለሆነ፣ ሠልጣኙ ሶፍትዌሩን በሁለት ቀን ተምሮ ወደ ሥራው ይመለስ የሚል ነው። ሁለተኛ፣ ስርገት የሃይድሮሊክስ ባለሙያ፣ መረጋጋት ደግሞ የጂኦቴክኒክ ባለሙያ ሥራ ስለሆነ ሁለቱን በአንድ ሥልጠና ማጨቅ ሁለቱንም ማበላሸት ነው ይላሉ። ሦስተኛ፣ የዲዛይን መመሪያዎች የሚፈለገውን የደኅንነት ቁጥር፣ ማለትም 1.5ን፣ አስቀምጠውልናልና ቁጥሩ ከተገኘ በኋላ ስለ ባለሙያ ዳኝነት ማስተማር ትርፍ ነው ባይ ናቸው። አራተኛ፣ የመስክና የላቦራቶሪ ምርመራ ውድ በመሆኑ በመጻሕፍት የታተሙት የአፈር ባሕርይ ሠንጠረዦች ለአብዛኛው ሥራ ይበቃሉ ይላሉ። በመጨረሻም ትልልቆቹን ግድቦች የውጭ አማካሪዎች ስለሚይዟቸው ይህን ያህል ጥልቅ ሥልጠና ለአገር ውስጥ ባለሙያ ቅንጦት ነው ብለው ይደመድማሉ። በመሐል ስለ ሥልጠና ክፍያና ጥራት ያነሡት ቅሬታም አለ፤ እሱን በቦታው አነሣዋለሁ።

ከመጀመሪያው ልጀምር። ጸሐፊው ስለ ፋይናይት ኤለመንት ዘዴ ጥቅም ያሉት አብዛኛው ትክክል ነው። ዘዴው አፈሩ በየት በኩል እንደሚንሸራተት አስቀድመን እንድንገምት አያስገድደንም፤ የአፈሩን ጥንካሬ ደረጃ በደረጃ እየቀነሰ ተዳፋቱ በየት በኩል እንደሚከዳ ያሳየናል፤ ከዚያም አልፎ መሬቱ ምን ያህል ሊንቀሳቀስ እንደሚችል ይገምታል። የማልቀበለው «አሮጌ» የሚለውን ቃል እንደ ማስረጃ መቁጠራቸውን ነው። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሔንሪ ዳርሲ ውኃ በአሸዋ ውስጥ የሚያልፍበትን ሕግ ያሳተመው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1856 ሲሆን፣ ዛሬ መሐንዲሱ ጠረጴዛ ላይ ያለው የስርገት ሶፍትዌር የሚያሰላው ይህንኑ ሕግ ነው። ተዳፋትን በቁራጮች ከፋፍለው ከሚያሰሉት መካከል የቢሾፕ ዘዴ በ1955፣ የሞርገንስተርንና ፕራይስ በ1965፣ የስፔንሰር በ1967 የታተሙ ናቸው፤ ሦስቱም ሠልጣኙ በሚከፍተው ፕሮግራም የምርጫ ዝርዝር ውስጥ በስማቸው ተቀምጠዋል። ከአጠገባቸው ደግሞ ከሁሉም የሚቀድመው የፌሌኒየስ ዘዴ አለ። ይህ ዘዴ ቁራጮቹ እርስ በርስ የሚገፋፉበትን ኃይል ከቁጥር ስለማያስገባ፣ ተዳፋቱ ለጥ ያለ ሆኖ በውስጡ ከፍተኛ የውኃ ግፊት ሲኖር ውጤቱን እስከ ግማሽ ሊያሳስት ይችላል። የሚዛን ሁኔታዎችን ሁሉ የሚያሟሉት ዘዴዎች ግን እርስ በርሳቸው የሚለያዩት በጥቂት በመቶ ብቻ ነው። ስሞቹን ብቻ የሚያውቅ ሠልጣኝ ከዝርዝሩ የትኛውን ይምረጥ? ምርጫውስ ውጤቱን ምን ያህል እንደሚለውጠው በምን ያውቃል? ይህን የሚያውቀው ቁራጮቹን ቢያንስ አንድ ጊዜ በእጁ ያሰላ ሰው ነው።

ነገሩን በምሳሌ ላሳይ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ወጣት መሐንዲስ የራሱን ሥራ ይዞ ወደ ሥልጠና መጣ። ከመንገድ በላይ ያለ፣ ከተራራው በወረደ ልቅ አፈርና ድንጋይ የተሸፈነ ተዳፋት ነበር። የኮምፒውተሩ ውጤት በቀለም አምሮ ታትሟል፤ የደኅንነት ቁጥሩ፣ ማለትም አፈሩ የመቋቋም አቅሙ ወደ ታች ከሚጎትተው ኃይል ጋር ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር፣ 1.59 ይላል። የከርሰ ምድር ውኃን የሚያሳየው ሰማያዊ መስመር ከልቅ አፈሩ በታች፣ አለቱ ውስጥ ተኝቷል። «ይህን መስመር ከየት አገኘኸው?» አልኩት። ከቁፋሮው ሪፖርት መሆኑን ነገረኝ። ሪፖርቱን ገልጠን ስናይ ጉድጓዶቹ የተቆፈሩት በጥር ወር ነው። በክረምት ወደዚያ ተመልሶ ውኃውን የለካ ሰው አልነበረም።

ሰሌዳው ላይ አብረን አሰላነው። ልቅ አፈሩ የሚያያይዘው ነገር የለውም፤ የውስጥ ሰበቃው ማዕዘን፣ ማለትም ቅንጣቶቹ በመፋተግ መንሸራተትን የሚቋቋሙበት መጠን፣ 30 ዲግሪ፣ የተዳፋቱ ዘንበልታ 20 ዲግሪ ነው። ደረቅ ሲሆን የደኅንነት ቁጥሩ የ30 ዲግሪ ታንጀንት ለ20 ዲግሪ ታንጀንት ሲካፈል፣ 0.577 ለ0.364፣ 1.59 ይሆናል፤ ኮምፒውተሩም ያለው ይህንኑ ነው። አሁን ክረምት ገባ፤ ውኃው እስከ ላይ ሞልቶ ከተዳፋቱ ጋር ትይዩ ሆኖ ይሰርጋል እንበል። በውኃ የጠገበው አፈር በሜትር ኩብ 20 ኪሎ ኒውተን ቢመዝን፣ የውኃው ክብደት 9.81 ሲቀነስ አፈሩ በሰበቃ ለመቋቋም የሚተርፈው 10.19 ብቻ ነው፤ ወደ ታች የሚጎትተው ግን ሙሉው 20 ነው። የቀድሞውን ቁጥር በዚህ ጥምርታ ስናባዛው 0.81 ይመጣል። አፈሩም፣ ዘንበልታውም፣ ሶፍትዌሩም አልተለወጡም፤ አንድ መስመር ከፍ በማለቱ ብቻ ጸንቶ የሚቆመው ተዳፋት የሚናድ ሆነ። ልጁ ኖራውን እንደያዘ ሰሌዳው ፊት ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ቆመ። ስሌቱ አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ፕሮግራሙ ጥፋት አልነበረበትም፤ መስመሩን ከፍ አድርጎ ቢሰጠው ኖሮ እሱም 0.81 ይለው ነበር። የሁለት ቀኑ የሶፍትዌር ሥልጠና መስመሩ እንዴት እንደሚሣል ያስተምራል። መስመሩ የት መሆን እንዳለበት ለመወሰን ግን የአካባቢውን ዝናብ፣ የአፈሩን ንብርብር፣ የምንጮቹን ቦታ ማየትና መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ይህን ማስተማር ነው ሥልጠና የምለው።

በዚሁ ነጥብ ላይ አንድ ነገር ልቀበላቸው። የፍሰት መረብ በእርሳስና በላጲስ ለሦስት ቀን ማሣል ከመጠን ያለፈ ነው፤ እኔም ራሴ እንዲህ ባለ ሥልጠና ተቀምጬ ደክሞኝ አውቃለሁ። ግማሽ ቀን ይበቃል። ግማሽ ቀኑ ግን ሊቀር አይገባም፤ ምክንያቱን የምናገኘው በሁለተኛው ነጥባቸው ውስጥ ነው።

ስርገትንና መረጋጋትን ለሁለት ባለሙያ እንከፋፍል የሚለው ሐሳብ ከሁሉም ይበልጥ ያሳሰበኝ ነው። የአፈር ጥንካሬ የሚመነጨው ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ከሚጫጫኑበት ኃይል ነው። የአፈር ሜካኒክስ መሥራች የሆነው ካርል ተርዛጊ ከመቶ ዓመት በፊት እንዳስረዳው፣ ይህ ኃይል የሚገኘው ከላይ ከሚመጣው ጠቅላላ ጫና ላይ በቀዳዳዎቹ ውስጥ ያለው የውኃ ግፊት ሲቀነስ ነው። የውኃውን ግፊት የሚሰጠን የስርገት ትንተናው ነው፤ ስለዚህ የአንደኛው ስሌት ውጤት የሌላኛው ስሌት ግብዓት ነው። ሁለቱን ባለሙያዎች በሁለት ክፍል አስቀምጠን በመካከላቸው ወረቀት ብቻ ብናቀባብል፣ ወረቀቱ ላይ ያልተጻፈው ነገር ሁሉ በመሐል ይጠፋል።

የፍሰት መረቡ ግማሽ ቀን የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። መረቡን በእጁ የሣለ ሰው አንድ ነገር ሳይነገረው ይገባዋል፦ አካሉ አንድ ዓይነት አፈር ከሆነ፣ ውኃው ረግቶ በሚሰርግበት ሁኔታ የግፊቱ ሥርጭት በአፈሩ የውኃ አስተላላፊነት መጠን ላይ የተመሠረተ አይደለም። መጠኑን በአሥር ብናባዛው በግድቡ የሚያልፈው ውኃ አሥር እጥፍ ይሆናል፤ መረቡ ግን ቅርጹን አይለውጥም። መረቡን የሚለውጠው በንብርብሮች መካከል ያለው ልዩነት፣ እንዲሁም ውኃ በአግድም ከቁልቁል ይልቅ ምን ያህል ቀሎት እንደሚሄድ ነው። የአፈር ግድብ በስስ ንብርብር እየተረገጠ ስለሚሠራ በአግድም የሚያሳልፈው ውኃ በቁልቁል ከሚያሳልፈው ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ውኃው ከግርጌው ከፍ ብሎ በኋላኛው ፊት ላይ ብቅ ይላል። በሥራዬ ያየሁት ግን የተገላቢጦሹን ነው። የባከነውን ውኃ ለማስላት ሲሆን ወሳኝ የሆነው የአስተላላፊነት መጠን በግምት ይሞላል፤ መረጋጋቱን ለማስላት ሲሆን ደግሞ በዚሁ መጠን ላይ ቀናት የፈጀ ክርክር ይደረግና የአግድምና የቁልቁል ጥምርታው በፕሮግራሙ ነባሪ ቁጥር፣ አንድ ለአንድ፣ ይታለፋል። ስርገትን ብቻ ወይም መረጋጋትን ብቻ የተማረ ሰው ይህን ክፍተት የሚያይበት ዓይን አይኖረውም።

ታሪክም የሚመሰክረው ይህንኑ ነው። በፈረንሳይ የማልፓሴ ቅስት ግድብ ዲሴምበር 2 ቀን 1959 ሲፈርስ ከ400 በላይ ሰዎች ሞተዋል። የከዳው ኮንክሪቱ ሳይሆን፣ በግራው ዳርቻ አለት ውስጥ የገባው ውኃ ግፊት ያነሣው መሠረቱ ነበር። በአሜሪካ የአይዳሆ ግዛት 93 ሜትር ከፍታ የነበረው የቴተን ግድብ ለመጀመሪያ ጊዜ ውኃ እየሞላ ሳለ ጁን 5 ቀን 1976 ተደረመሰ። እምብርቱ ነፋስ ያከማቸው፣ በቀላሉ በውኃ የሚታጠብ ደቃቅ አፈር ነበር፤ በቀኙ ዳርቻ ይህ አፈር በተሰነጣጠቀ የእሳተ ገሞራ አለት ውስጥ በተቆፈረ ቦይ ላይ በቀጥታ አረፈ፤ ስንጥቆቹ በሚገባ አልተደፈኑም፤ አፈሩን የሚያስቀር የማጣሪያ ንብርብርም በመካከላቸው አልነበረም። ከሁለት ቀን በፊት ከግድቡ በታች ትናንሽ ምንጮች ታዩ። በዚያች ቅዳሜ ጠዋት የደፈረሰ ውኃ መፍሰስ ጀመረ፤ እኩለ ቀን ሳይሞላ የግድቡ አናት ተንዶ ወንዙ ነጻ ወጣ። 11 ሰዎች ሞቱ። የቴተንን ተዳፋት በቢሾፕም ሆነ በፋይናይት ኤለመንት ብናሰላው የምናገኘው ጥሩ ቁጥር ነው፤ ምክንያቱም የተዳፋቱ ቁጥር ስለ ውስጥ መሸርሸር የሚናገረው ነገር የለም። እስከ 1986 ድረስ በዓለም በፈረሱ ትልልቅ የአፈር ግድቦች ላይ የተሠራው የታወቀ ጥናት፣ ግማሽ ገደማ የሚሆኑት የፈረሱት በውስጥ መሸርሸር እንደሆነና በተዳፋት መንሸራተት የፈረሱት ጥቂት በመቶ ብቻ እንደሆኑ አሳይቷል። የመረጋጋት ባለሙያው ስርገትን ለሌላ ሰው ትቶ ከሄደ፣ በብዛት ግድብ የሚያፈርሰውን ነገር ትቶ ሄደ ማለት ነው።

ሦስተኛው ነጥብ 1.5 የሚለው ቁጥር ነው። ቁጥሩ በመመሪያ መኖሩ ጥሩ ነው፤ ባይኖር ኖሮ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ይፈጥር ነበር። ነገር ግን የአሜሪካ ጦር መሐንዲሶች ክፍል በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 ያወጣውን መመሪያ እንኳ ብናይ፣ 1.5 የተቀመጠው ግድቡ ሞልቶ ስርገቱ ለረገበት የረጅም ጊዜ ሁኔታ ነው፤ ለግንባታው ማብቂያ 1.3፣ ውኃው በፍጥነት ለሚወርድበት ሁኔታ ደግሞ ከ1.1 እስከ 1.3 ተቀምጧል። ቁጥሩን ከማየት በፊት የትኛው ሁኔታ፣ ከየትኛው የአፈር ጥንካሬ ጋር ተሰላ ብሎ መጠየቅ ይቀድማል። በደንብ ከተመረመረ አፈር የተገኘ 1.5 እና ከሁለት ናሙና የተገኘ 1.5 አንድ ዓይነት ደኅንነት አይደሉም። የውስጥ ሰበቃ ማዕዘን ከናሙና ናሙና የሚለያየው ብዙ ጊዜ በጥቂት በመቶ ነው፤ የውኃ አስተላላፊነት መጠን ግን በዚያው ቦታ በብዙ እጥፍ ሊለያይ ይችላል።

በብራዚል ብሩማዲኞ የነበረውን የማዕድን ዝቃጭ ግድብ እናስብ። ጃንዋሪ 25 ቀን 2019 በተደረመሰ ጊዜ 270 ሰዎች ሞቱ፤ ግድቡ ግን ካለፈው ዓመት የተሰጠ የመረጋጋት ማረጋገጫ ነበረው። በኋላ የተቋቋመው የባለሙያዎች ቡድን ዝቃጩ ልቅ፣ በውኃ የጠገበና ሲነካ ጥንካሬውን በድንገት የሚያጣ እንደነበረ ገልጿል። እንዲህ ያለው አፈር የሚከዳው ቀስ ብሎ እያስጠነቀቀ አይደለም፤ ውኃው ለመውጣት ጊዜ ሳያገኝ በአንድ ጊዜ እንደ ፈሳሽ ይሆናል። እዚህ ላይ የእኔን ወገን የሚነካ ነገርም መናገር አለብኝ፦ የመሣሪያ ክትትል አድራጊዎች ነን የምንለውም በብሩማዲኞ ልንመካ አንችልም፤ ቡድኑ ከመደርመሱ በፊት በመለኪያዎቹ ግልጽ ምልክት እንዳልታየ ጽፏልና። ስለዚህ ለዚህ ዓይነት አፈር ቁጥርም ብቻውን፣ መለኪያም ብቻውን አይበቃም፤ አፈሩ ውኃ ከወጣለትና ካልወጣለት የሚያሳየው ጥንካሬ እንዴት እንደሚለያይ የተረዳ ሰው ያስፈልጋል። ጸሐፊው ትርፍ ነው ያሉት ዳኝነት ይህ ነው።

ወደ አራተኛው፣ ወደ ሠንጠረዦቹ፣ ስንመጣ ጸሐፊው ስለ ወጪው የተናገሩት እውነት ነው። ሳይነካካ ናሙና ማውጣት፣ በጥንቃቄ ማጓጓዝና የሦስት አቅጣጫ ጫና ፍተሻ ማድረግ ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል፤ በወረዳ ደረጃ ላለ ሥራ በጀቱ አይገኝም። ለመነሻ ግምት ሠንጠረዥ መጠቀምም ነውር የለበትም። የሠንጠረዡ ቁጥር ግን ስለ ውኃ ምንም አያውቅም። የእኛን መረሬ አፈር እንውሰድ። በበጋ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ እጅ በሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጣጠቃል፤ ክረምት ሲገባ ውኃው በስንጥቆቹ ወርዶ ከውስጥ ያለሰልሰዋል። ከስንጥቅ ነጻ የሆነች፣ በበጋ የወጣች ትንሽ ናሙና የምትሰጠው ጥንካሬ ከጥቂት ክረምቶች በኋላ በተዳፋቱ ውስጥ አይገኝም። በካሊፎርኒያ የሳን ሉዊስ ግድብ በ1967 ተጠናቆ በ1981 ሐይቁ በፍጥነት ሲወርድ በሐይቁ በኩል ያለው የፊተኛው ተዳፋቱ ተንሸራትቷል። ምክንያቱ ከመሠረቱ ሳይወገድ የቀረው የሸክላ አፈር ነበር፦ ሲገነባ ደርቆ ጠንካራ መስሏል፤ ሐይቁ ሲሞላ ግን ርሶ ለሰለሰ። ለአሥራ አራት ዓመት የቆመው ውኃው ከፊት ለፊት ደግፎት ነበር።

ምርመራ ሁሉ ውድ ነው የሚለውም ትክክል አይደለም። የሽንብራ ፍሬ የምታህል የአፈር ጓል በተጣራ ውኃ በተሞላ ብርጭቆ ውስጥ ጥሎ መጠበቅ ምን ያስወጣል? ጓሉ ፈርሶ ከሥር ቢከመርና ውኃው ጥርት ብሎ ቢቀር አንድ ነገር ነው፤ ከጓሉ ዙሪያ እንደ ጭስ ያለ ደመና ተነሥቶ የብርጭቆውን ሥር ቢያለብስ ግን አፈሩ በውኃ ውስጥ ራሱን የሚበትን ነው፤ ያለ ጥሩ ማጣሪያ ግድብ ሊሠራበት አይገባም። ይህ ፍተሻ ብቻውን የመጨረሻ ፍርድ አይሰጥም፤ ደመና ያላሳየ አፈርም አንዳንድ ጊዜ በሌላ ፍተሻ ተበታኝ ሆኖ ይገኛል። ሆኖም የትኛው አፈር ወደ ውዱ ላቦራቶሪ መሄድ እንዳለበት ይጠቁማል። ሠልጣኞቼ በዚህች ብርጭቆ ዙሪያ ተሰብስበው ደመናው ሲነሣ ሲያዩ የሚጠይቁት ጥያቄ ከስላይድ ንባብ በኋላ ከሚመጣው ጥያቄ ጋር አይወዳደርም።

ስለ ሥልጠና ክፍያና ጥራት ግን ጸሐፊው የተናገሩትን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። አሠልጣኙ ስላይዱን ፊደል በፊደል እያነበበ የሚውልበት፣ ሠልጣኙ አንድም የራሱን ስሌት ሳይሠራ የምስክር ወረቀት ይዞ የሚወጣበት፣ ክፍያው ግን ለወጣት መሐንዲስ የወር ደመወዝ የሚያህልበት ሥልጠና አለ፤ እንዲህ ያለው ቢቀር የሚጎዳ ሰው የለም። መድኃኒቱ ግን ከአምስት ቀን ወደ ሁለት ማሳጠር አይደለም። ሠልጣኙ የራሱን ተዳፋት፣ የራሱን የቁፋሮ ሪፖርት ይዞ እንዲመጣ ማድረግ፣ በእጁ ያሰላውን ከኮምፒውተሩ ውጤት ጋር እንዲያስታርቅ መጠየቅ፣ ሁለቱ ካልታረቁ ምክንያቱን ሳያገኝ እንዳይነሣ ማድረግ ነው።

የቀረው የውጭ አማካሪዎች ነገር ነው። በጉባ፣ በሕዳሴው ግድብ እንኳ፣ ሰው ሁሉ በፎቶግራፍ የሚያውቀው 145 ሜትሩ የኮንክሪት ግድብ ብቻውን አይደለም ሐይቁን የያዘው፤ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው፣ 50 ሜትር ገደማ የሚያህለው በሐይቁ ዳርቻ ዝቅ ያለውን ቦታ የሚዘጋ የድንጋይ ሙሌት ኮርቻ ግድብ አለ። የነደፈው ማንም ይሁን ማን ሐይቁ እስካለ ድረስ ስርገቱን የሚለኩት፣ የመለኪያውን ንባብ የሚተረጉሙት እዚሁ የሚኖሩ ባለሙያዎች ናቸው። አማካሪው ሪፖርቱን አስረክቦ ይሄዳል።

ከዚህ ይልቅ ብዙ ሕይወት የሚጠፋው ምንም አማካሪ ባልቆመበት ተዳፋት ላይ ነው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ በከባድ ዝናብ የረሰረሰው ኮረብታ ተናደ፤ የተቀበሩትን ለማውጣት የተሰበሰበውን ሕዝብ ደግሞ ሁለተኛው ናዳ ቀበረው። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። አንድ ጊዜ የተናደ ተዳፋት ከላይ አዲስ ገደል ትቶ እንደሚሄድና ውኃው ገና በውስጡ እንዳለ የሚያውቅ ሰው በዚያች ጠዋት በቦታው ቢኖር፣ ቢያንስ ከላይ ሆኖ የሚመለከት ሰው ይቁም ይል ነበር። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቆሼ የተናደው የቆሻሻ ክምር ከ110 በላይ ሰዎችን ገድሏል፤ ክምርም ቢሆን ተዳፋት ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የሚያልፈው የዓባይ በረሃ መንገድ በየክረምቱ ሲንቀሳቀስ ኖሯል። በዚያ የኢትዮጵያ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ከጃፓን ባለሙያዎች ጋር ባደረገው ጥናት የመሬቱን እንቅስቃሴና የከርሰ ምድር ውኃውን የሚለኩ መሣሪያዎች ተተክለዋል፤ መሣሪያ ግን የሚያነብለት ሰው ይፈልጋል፤ ያም ሰው በየዓመቱ ከቶኪዮ አይመጣም።

ትናንሾቹ የመስኖ ግድቦች ደግሞ አሉ። ከመካከላቸው በአንደኛው ላይ የገጠመኝን ልናገር። ግድቡ አሥራ አምስት ሜትር ገደማ ነው፤ በግርጌው ከዳር የምትፈልቅ ትንሽ ምንጭ ነበረች። ለጥበቃው፣ ዕድሜያቸው ለገፋ አንድ አባት፣ በየሳምንቱ ከምንጯ አንድ ሃይላንድ ውኃ ቀድተው፣ ቀኑን ጽፈው በቤታቸው መስኮት ላይ እንዲያስቀምጡ ነግሬያቸው ሄድኩ። የሚወጣው ውኃ ጥርት ያለ እስከሆነ ድረስ ግድቡ ውኃ ብቻ ነው የሚያጣው፤ አፈር ይዞ መውጣት ከጀመረ ግን ከውስጥ እየተቦረቦረ ነው። በነሐሴ መጨረሻ ደወሉልኝ፤ «ልጄ፣ ሰባተኛው ከሥሩ ቀይ ነገር አስቀመጠ» አሉኝ። በማግስቱ ስደርስ ጠርሙሶቹ በመስኮቱ ላይ ተደርድረዋል፤ ስድስቱ ጥርት ያሉ፣ ሰባተኛው ከሥሩ ጣት የማይሞላ ቀይ ደለል የያዘ፣ ስምንተኛው ከእሱ የባሰ ነበር። የመስኖውን በር ከፍተን ሐይቁን ዝቅ አደረግን፤ ምንጯ ላይ መጀመሪያ አሸዋ፣ ቀጥሎ ጠጠር፣ ከላይ ድንጋይ ጫንንባት፤ ውኃው እንዲወጣ፣ አፈሩ እንዲቀር። አሸዋውን የመረጥነው ቅንጣቱ ከግድቡ አፈር ቅንጣት ጋር ያለውን ጥምርታ አይተን ነው፤ ጥምርታው ካልተጠበቀ አፈሩ በአሸዋው መካከል ሾልኮ ይወጣልና። ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ የተቀዳው ጠርሙስ ሥሩ ባዶ ነበር።